ከሐይቅ ዳር የበቀለ ዩኒቨርሲቲ

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ሰው ሐማሬሳንና አወዳይን አልፎ ሐረማያ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋም ጥቂት ወጣ ሲል ባቴ በምትባለው ሥፍራ በዛፎች የተከበበ ሰፊ ግቢ ያገኛል፤ ይኸውም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው። የእናቴ አባት ከዚያ ብዙ በማይርቅ መንደር ገበሬ ስለሆኑ፣ እኔ ምንም እንኳ ሐረር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ብሆን በየበዓሉና በየክረምቱ በዚህ መንገድ መመላለሴ አልቀረም። ስለዚህ የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የትምህርት ተቋም ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ አላወላወልሁም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ብሔራዊ ፈተና እንወስዳለን፤ የምንመርጣቸውንም ዩኒቨርሲቲዎች በተራ እንሞላለን። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቼ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ክርክሩ ሁሉ ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ምግብና ስለ አየሩ ሙቀት ነው። ያ ዩኒቨርሲቲ ለምን ተመሠረተ፣ ሲመሠረትስ ምን ሥራ ታስቦለት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ ጠይቄ ስለማላውቅ ማንንም አልወቅስም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1942 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት የተባሉ አሜሪካዊ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እኚህ ሰው በኦክላሆማ ክፍለ አገር የነበረው የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋርም ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። በሚከተለው ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» ለሚባለው የቴክኒክ እርዳታ ሥራ የበላይ አድርገው ሾሟቸው። ነገር ግን ዶክተር ቤኔት ያሰቡትን ሳያዩ ቀሩ። በታኅሣሥ ወር 1944 ዓ.ም. በቴህራን አጠገብ የተሳፈሩበት አይሮፕላን ወድቆ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት ኮሌጁን ለማቋቋም ተፈራረሙ። ሥራውን እንዲያካሂድ አደራ የተቀበለውም የኦክላሆማው ኮሌጅ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁምና ይህ የኦክላሆማ ኮሌጅ የምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ልግለጽ፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሐረማያን ታሪክ ሊረዳ አይችልምና። በ1862 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን አንድ ሕግ ፈርመው ነበር። በሕጉ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት ለየክፍለ አገሩ መሬት ይሰጣል፤ ክፍለ አገሩም መሬቱን ሸጦ በገንዘቡ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ እርሻና የእጅ ጥበብ የሚማርበት ኮሌጅ ያቆማል። ከጊዜ ብዛት እነዚህ ኮሌጆች ሦስት ሥራ ያዙ። አንደኛው ማስተማር ነው። ሁለተኛው በኮሌጁ መሬት ላይ ዘርና ከብት እየፈተኑ መመራመር ነው። ሦስተኛው ደግሞ በምርምር የተገኘውን ይዞ ወደ ገበሬው ቤት መሄድ፣ የገበሬውንም ችግር ይዞ ወደ ኮሌጁ መመለስ ነው። አያቴ ይህን ባስረዳኋቸው ጊዜ «እንደ ምድጃ ጉልቻ ነዋ!» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ላገኝ ስላልቻልሁ ከዚህ በታችም በእርሳቸው አነጋገር እጠቀማለሁ።

ኮሌጁ ሲጀመር ቤት አልነበረውም። ስለዚህ ትምህርቱ በመጀመሪያ የተሰጠው በጅማ፣ በ1945 ዓ.ም. በተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። (ያ የጅማ ትምህርት ቤት በበኩሉ አድጎ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ሆኗል፤ የእርሱን ታሪክ ሌላ ሰው ይጻፈው።) በዓለማያ ሕንፃው እየተሠራ ቆይቶ ተማሪዎቹ በ1949 ዓ.ም. ወደዚህ ተዛወሩ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው። አጠገቡ ሐይቅ አለ፤ የሐረር መንገድ በበሩ ያልፋል፤ የምድር ባቡሩ ጣቢያ ድሬዳዋም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ማሽላና በቈሎ የሚዘራ፣ ከብት የሚያደልብ ገበሬ ነው። ለእርሻ ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ሥፍራ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም።

ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን መርቀው የከፈቱት በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ነው። አያቴ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት እረኛ ነበሩ። «ከብቶቹን ትቼ ወደ መንገዱ ሮጥሁ» ይላሉ፤ «መኪናዎቹን መቍጠር ጀመርሁ፤ ከሃያ በላይ መቍጠር ስለማላውቅ ሃያ ላይ ስደርስ እንደ ገና ከአንድ ጀመርሁ። ማታ አባቴ ስንት መኪና አየህ ሲሉኝ ሃያና ሃያ አልኋቸው።» በዚያ ምሽት ከብቶቹ የሰው ማሽላ ገብተው ስለተገኙ መገረፋቸውንም አይሰውሩም።

እንግዲህ ሦስቱ ጉልቻዎች በዓለማያ እንዴት ቆሙ? የማስተማሩ ሥራ ያለ መቋረጥ ቀጠለ። የምርምሩ ሥራ በዓለማያ ማሳዎችና በደብረ ዘይት በነበረው የሙከራ ጣቢያ ይካሄድ ነበር። ገበሬውን በየቤቱ እየሄዱ የማስተማሩም ሥራ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በዚሁ ኮሌጅ አማካይነት ነው፤ ኮሌጁ የእርሻ አስተማሪዎችን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. ይህ ሦስተኛው ሥራ ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። ኮሌጁ በአገሪቱ አንድ ጫፍ ሆኖ የመላውን ኢትዮጵያ ገበሬ ሊያዳርስ አይችልም፤ ሚኒስቴሩ ግን በየጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት አለው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የእርሻ ምርምር ድርጅት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ጊዜ አያቴ የነገሩኝ ጉልቻ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንዱ መሥሪያ ቤት ያስተምራል፣ ሌላው ይመራመራል፣ ሦስተኛው ወደ ገበሬው ይሄዳል። ሦስቱም ድንጋዮች አሉ፤ ግን በአንድ ምድጃ አይደሉም።

ይህን ስል ምርምሩ ፍሬ አላፈራም ማለቴ አይደለም። እናቴ ጤፍ ስትገዛ ማኛ ነው ሰርገኛ ብላ ትጠይቃለች እንጂ ስለ ዘሩ ቍጥር አታውቅም። ሆኖም ከደብረ ዘይት ጣቢያ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ ከወጡት የጤፍ ዘሮች አንዱ «ዲዜድ 01-196» ይባላል፤ ዲዜድ ማለት ደብረ ዘይት ማለት ነው። ጣቢያው በኋላ ከዓለማያ ተለይቶ ወደ ብሔራዊው የምርምር ድርጅት ተዛውሯል። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በብዙ ክፍል የተሠራጨው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ ግን የዚያው የ196 ልጅ ነው፤ ነጭነቱን ከእርሱ፣ ምርታማነቱን ከሌላ ዘር ወስዶ በማዳቀል የተገኘ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ስለሆነች የማዳቀሉ ሥራ እንደ መርፌ ባለ ቀጭን መሣሪያ በማጉያ መነጽር እየታየ የሚሠራ ነው። ለሐረርጌ ገበሬ ደግሞ ከዓለማያ የወጣ የድንች ዘር አለ፤ «ኤኤል 624» ይባላል፤ በ1979 ዓ.ም. የተለቀቀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የማሽላው ታሪክ ነው። ማሽላ የእኛ አገር ዋና እህል ነው። ጠላቱም አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ አበባው ሲያዩት ያማረ አረም ነው፤ ግን ራሱ ሥር ሰድዶ ከመሬት አይመገብም፤ የማሽላውን ሥር ከመሬት በታች ይዞ ይመጠምጠዋል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው አንድ ቅመም ሲደርሰው ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ማሽላው ሳያውቅ ጠላቱን ይጠራል። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ቀጥሎም በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ምስጢር መረመሩ። ያን ቅመም እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዘሮችን መርጠው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። ለዚህም በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። መርዝ አልረጩም፤ ማሽላውን ዝም አሰኙት እንጂ። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ታዲያ አረሙ በረኃብ ይሞታላ!» ብለው ሳቁ።

የቀረውን የአስተዳደር ታሪክ ባጭሩ ላሳልፈው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ኮሌጁ የእርሱ አንዱ ክፍል ሆነ። የኦክላሆማ ሰዎች ውላቸው አልቆ በ1960 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎቹ እንደ ሌሎቹ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ሁሉ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት እስከ ሐረር አፋፍ ደርሶ ነበር። በ1972 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተጀመረ፤ በግንቦት ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጁ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ «የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ» ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ፈጣን ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የመምህራን ትምህርትና የጤና ትምህርት ተጨመሩ፤ ቀጥሎም ሕግ፣ ንግድና ኢኮኖሚክስ፣ የእንስሳት ሕክምና መጡ፤ «የእርሻ» የሚለውም ቃል ከስሙ ወጣ። የጤናው ኮሌጅ እዚሁ ሐረር ከተማ ስለሆነ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲገቡና ሲወጡ በየቀኑ እናያለን። በጭሮ የተከፈተው ቅርንጫፍ ኋላ ራሱን ችሎ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ስም ከዓለማያ ወደ ሐረማያ ተለወጠ። የመንደራችን ሽማግሌዎች በዚህ አልተደነቁም፤ እነርሱ ቀድሞም ቢሆን «ሐረማያ» እንጂ «ዓለማያ» ብለው አያውቁም። የስሙም መነሻ በኦሮምኛ ሐይቅ የሚለው ቃል ነው ይላሉ።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ዩኒቨርሲቲው የሐይቁን ትክክለኛ ስም በያዘበት ጊዜ ሐይቁ ራሱ አልነበረም።

የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ስለተወለድሁ ሐይቁን በልጅነቴ የማውቀው ከብት የሚግጥበት፣ እኛም ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ሆኖ ነው። አያቴ ግን ዓሣ ሲጠመድበት፣ በማለዳ ወፎች ሲሰፍሩበት ያውቃሉ። ለመድረቁ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ሐይቁ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ የፀሐዩ ትነት ሁልጊዜ ይቀንሰዋል። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ዛፋቸው ተመንጥሮ ስለታረሱ በየክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረው ነበር፤ ስለዚህ ወለሉ ከፍ እያለ መጣ። የሐረር፣ የአወዳይና የሐረማያ ከተሞች ሕዝብ ለብዙ ዘመን የጠጣው ከዚሁ ውኃ ነው፤ ሕዝቡም ከዓመት ወደ ዓመት በዛ። በመጨረሻም ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች በዳርቻው ዙሪያ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከሉ።

ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱ አያቴ ነበሩ።

ይህን መጻፍ አለመጻፌን ከእርሳቸው ጋር ተማክሬበታለሁ፤ «ጻፈው፤ እውነት ነው» አሉኝ። ማሽላ በዓመት አንድ ጊዜ ይታጨዳል፤ ዝናብ ከቀረም ይጠፋል። ጫት ግን ውኃ ካገኘ በበጋም ይቀነጠባል፤ በዚያው ቀን አወዳይ ገበያ ደርሶ ገንዘብ ይሆናል። እናቴ ትምህርቷን የጨረሰችው በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እኔም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምጽፈው በከፊል በሐይቁ ውኃ ነው። «ውኃው ሲሸሽ አታዩም ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እናያለን እንጂ» አሉ፤ «በሸሸ ቍጥር ቱቦ እንቀጥልበት ነበር። እኔ ብተው ጎረቤቴ ይስበዋል፤ ጎረቤቴ ቢተው ያኛው ይስበዋል። ማን ይጀምር?»

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ የሐረር ከተማ ውኃ ከድሬዳዋ አጠገብ፣ ድሬ ጃራ ከሚባለው ሥፍራ ከከርሰ ምድር እየወጣ በቱቦ እንዲመጣ ሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ነው፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ውኃው ያን ሁሉ ዳገት በመግፊያ ሞተር ኃይል ይወጣል ማለት ነው። ቀድሞ የሐረር ሰው የሚጠጣው ውኃ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ በዚሁ በደጋው ላይ ተኝቶ ነበር። እቤታችን በርሜልና ጀሪካን በተርታ ተደርድረው ለምን እንደሚኖሩ ከዚህ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር፤ ሁሉም ቤት እንደዚያ ይመስለኝ ነበርና።

አንባቢዬ ምናልባት «አጠገቡ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ሐይቁ እንዴት ደረቀ?» ትል ይሆናል። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ማንበብ የጀመርሁት። እንደ ተረዳሁት ግን ዕውቀቱ አልጠፋም። ስለ ሐይቁ መጉደል፣ ስለ ደለሉና ስለ ውኃ አጠቃቀሙ የተጻፉ ጥናቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን የሠሯቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ጥናት በመጽሐፍ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥና ገበሬው ሞተሩን ሲያስነሣ በመካከላቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ያ መንገደኛ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ደግሞስ ማን ቢመጣ ለአያቴ ጥያቄ መልስ ነበረው? «ማን ይጀምር?» ለሚለው የዘር ምርጫ ብቻ አይበቃም። በአንድ ቀን ሁሉም እኩል የሚጀምሩበት ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የሕግና የአስተዳደር ዕውቀት ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ሕግንና ኢኮኖሚክስን መጨመሩን አንዳንዶች ከእርሻ መራቅ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ለአንድ ሐይቅ እንኳ ሁሉም እንደሚያስፈልግ ከዚህ ተረድቻለሁ።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ያልጠበቅነው ነገር ሆነ፤ ውኃው ተመለሰ። መልካም ዝናብ ጣለ፤ በኮረብታዎቹም ላይ እርከን ተሠርቶ፣ ችግኝ ተተክሎ ነበር፤ ከተሞቹም ከሐይቁ መቅዳታቸውን ትተው ነበር። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ በመጀመሪያ ረግረግ፣ ቀጥሎ ኩሬ፣ ከዚያም ሐይቅ ሆነ። የግብ ምሰሶ ብለን የተከልናቸው ሁለት እንጨቶች ጫፋቸው ብቻ ከውኃ በላይ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ይታይ ነበር፤ ኋላ እነርሱም ጠፉ። ወፎቹም መጡ። አያቴ በዚያ ሰሞን በየማለዳው እየወረዱ ዳር ላይ ይቀመጡ ነበር።

የምርጫውን ቅጽ ስንሞላ በመጀመሪያው ረድፍ ሐረማያን እጽፋለሁ። ከደረሰኝ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሬ፣ በሁለተኛው ዓመት ስለ አፈርና ውኃ አጠባበቅ የሚያስተምረውን ክፍል ለመምረጥ አስቤአለሁ። እናቴ ሕክምና እንድማር ስለምትፈልግ ገና አልተስማማንም።

ባለፈው የገና በዓል መንደር በሄድሁ ጊዜ የአያቴን ሞተር አየሁት። በጎተራው ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ከሃያ ዓመት በላይ አልተነሣም። ሐይቁ ከተመለሰ ወዲህ «ያከራዩን» የሚሉ ሁለት ወጣቶች መጥተው ነበር አሉ፤ የዘመድ ልጆች ስለሆኑም እምቢ ማለት ከበዳቸው። «ምን አሏቸው አባባ?» አልኋቸው። «አስብበታለሁ አልሁ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «እስቲ ያንተ ትምህርት ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ።